ጨው የበላው ላንድክሩዘር

አገር ቤት ላንድክሩዘር የሚያረጀው በአቧራ፣ በጭነትና በኮረኮንች ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ውስጥ ግን መኪናውን የሚገድለው መንገዱ አይደለም፤ በበረዶ ወራት አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨውና ከቤት ጎን ለዓመታት ቆሞ መቅረቱ ነው። ቅዳሜና እሁዱን ከአሮጌ ላንድክሩዘር ጋር ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ይህን ልዩነት ካልያዘ፣ ገንዘቡን ቀለምና ጎማ ላይ ጨርሶ ሻንሲው ሲበሳ ያያል።

እዚህ አሜሪካ በብዛት የሚገኙት ሁለት ናቸው። አንዱ ከ1981 እስከ 1987 የተሸጠው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 60 የሚባለው ባለ ባሌስትራ ሞዴል ሲሆን፣ 2ኤፍ የሚባል ባለ 4.2 ሊትር ቤንዚን ሞተር አለው። ሌላው ከ1991 እስከ 1997 የተሸጠው ባለ ሞላው 80 ነው። አገር ቤት የለመድነው ናፍጣው 75 እዚህ አልተሸጠም፤ ከተመረተ 25 ዓመት የሞላውን ከሌላ አገር ማስገባት ግን ሕጉ ይፈቅዳል። ጠግኜ አዲስ አበባ እልከዋለሁ የሚል ሐሳብ ካለ ከወዲሁ ተዉት፤ ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከ2024 ጀምሮ ከልክላለች።

ለመግዛት ሲሄዱ ሞተር ከማዳመጥ በፊት ከሥር መግባት ይቀድማል። በግ ገዢ ላቱን እንደሚዳብሰው፣ እዚህም እጅ የሚሄድበት ቦታ የታወቀ ነው፦ ከኋላ ጎማዎቹ በስተጀርባ ያለው ላሜራ፣ የኋላው በር የታችኛው ጠርዝ፣ የፊት መስታወቱ ታችኛ ማዕዘኖች፣ የጣሪያው ውኃ መውረጃ፣ እንዲሁም ቦዲው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ነጥቦች ዙሪያ። ለዚህ አንድ ካቻቪቴና አንድ ትንሽ ማግኔት ይበቃል። ማግኔቱን በስስ ጨርቅ ጠቅልሎ ላሜራው ላይ ማንሸራተት ነው፤ ድንገት ከለቀቀ ከቀለሙ ሥር ያለው ስቱኮ ነው። በካቻቪቴው ደግሞ ሻንሲውን መውጋት። “ላይ ላዩን ነው” የማይል ሻጭ የለም። ላይ ላዩን የሚባለው ዝገት በሽቦ ብሩሽ ለቆ ከሥሩ ብረት የሚያሳይ ነው፤ እንደ ድርቆሽ ተነባብሮ የሚላጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ የብሩሽ ሳይሆን የብየዳ ነው።

ከሥሩ አዲስ ጥቁር ሬንጅ የተቀባ መኪና ከዛገው በላይ ያስጠረጥራል። ሬንጁ ሲሰነጠቅ ጨዋማው ውኃ ገብቶ ይታቆርና ብረቱን ሳይታይ ይበላዋል። ከበግ ሱፍ በሚወጣ ቅባት (ላኖሊን) የተሠራውን ስፕሬይ በየዓመቱ ከመጀመሪያው በረዶ በፊት መርጨት ይሻላል። ሽታው ለቀናት ያስቸግራል፤ ግን ይሠራል።

ብየዳው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ላሜራው ወደ 1 ሚሊሜትር የሚጠጋ ስስ ስለሆነ መስመር ይዞ መበየድ አይቻልም፣ ይጣመማል። ነጥብ በነጥብ፣ አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ራቅ እያደረጉ፣ ቀዝቅዞ በእጅ እስኪነካ ድረስ እየጠበቁ ነው። ባትሪው ይነቀላል፣ የነዳጅ ታንከሩ በቅርብ ካለ ይወርዳል። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን የመኪና ቀለም በተራ ማስክ ጋራዥ ውስጥ መርጨት ግን ሳንባ የሚጎዳ ነገር ስለሆነ፣ እሱን ለባለሙያ መስጠት ጥንቃቄ እንጂ ስንፍና አይደለም።

ቆሞ የኖረ ሞተር ቁልፍ በማዞር አይጀመርም። መጀመሪያ ስድስቱንም ካንዴላ አውጥቶ በየቀዳዳው አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል የሞተር ዘይት መጨመርና ማሳደር፤ በማግሥቱ ሞተሩን ከፊት ባለው ትልቁ ዳዶ በእጅ ማዞር። በእጅ እሺ ያላለውን በሞተሪኖ ማስገደድ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይሰብራል። ከዞረ ካንዴላዎቹ ሳይመለሱ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊት) ይለካል፦ ለ2ኤፍ ጤናማው ወደ 150 ፒኤስአይ ነው፣ ከ114 ከወረደ ሞተሩ ደክሟል፣ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነትም ከ14 መብለጥ የለበትም። (ይኸው መለኪያ አዲስ አበባ ላይ ዝቅ ብሎ ቢያነብ አያስደነግጥ፤ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚያንስ እንጂ ሞተሩ ታሞ አይደለም።)

ቤንዚኑ ሌላው ጣጣ ነው። የአሜሪካ ቤንዚን ብዙውን ጊዜ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል እርጥበት ይስባል፣ የድሮውን የጎማ ቱቦም ይበላል። ታንከሩ ውስጥ ቫርኒሽ የሚሸት ነዳጅ ካለ ሙሉ በሙሉ ይቀዳ፤ ከታንከር እስከ ካርቡራተር ያሉት የጎማ ቱቦዎችም አንድም ሳይቀር ይቀየሩ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ነዳጅ ሲረግጡት እየሠራ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ መሥራት) አልይዝ ካለ ካርቡራተሩን ለመፍታት አትቸኩሉ። ቁልፉን ብቻ ከፍቶ በካርቡራተሩ ጎን ያለችውን ባለ ሽቦ ቫልቭ ማዳመጥ ነው። “ቀጭ” ካላለች ወይ ኤሌክትሪክ አልደረሳትም፣ ወይ ተቃጥላለች፤ የሚኒሞውን ነዳጅ የምትከፍተው እሷ ነች። ስንት ደህና ካርቡራተር በእሷ ጦስ ተፈታትቶ ሳይመለስ ቀርቷል።

ሞተሩ ሞቆ ቫልቭ ሲስተካከል የመግቢያው ክፍተት 0.20፣ የመውጫው 0.35 ሚሊሜትር ነው። ታይሚንጉ (ካንዴላው የሚተኩስበት ጊዜ) 7 ዲግሪ ቀድሞ ይያዛል። ምልክቱን ፑሊው ላይ የሚፈልግ ሰው ሲፈልግ ይውላል፤ ፍላይዊሉ ላይ የተቀበረች ትንሽ የብረት ኳስ ስትሆን፣ ከሞተሩ ጀርባ ባለች ጠባብ መስኮት ነው የምትታየው። ነጭ ቀለም ካልነኳት በታይሚንግ ላይቱም አትለይም።

ስለ ቦታውም አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። አብዛኛው የአፓርትመንት ውል በፓርኪንግ ላይ መኪና መፍታት ይከለክላል፤ የራስ ቤት ሆኖም የሰፈር ማኅበር ደንብ ካለበት ታርጋ የሌለው መኪና ግቢ ማቆም ደብዳቤ ያስመጣል። 2 ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሥሩ አይገባም፤ መቆሚያ ይደረግለታል። በሐምሌ ሙቀት አስፋልቱ ስለሚለሰልስ ከመቆሚያዎቹ እግር ሥር ወፍራም ጣውላ ይግባ። ቨርጂኒያ 25 ዓመት ለሞላው መኪና የአንቲክ ታርጋ ትሰጣለች፤ ዕለት ተዕለት ለሥራ መመላለሻ ግን አይሆንም፣ ለዚያ ሌላ መኪና ሊኖር ይገባል።

አገር ቤት ጋራዥ ያደገ ሰው ደግሞ ሌላ ግድግዳ ይገጥመዋል። ካንዴላ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ ከጣሊያን የወረስናቸው ስሞች ስለሆኑ የመለዋወጫ መደብር ባንኮኒ ላይ አይሠሩም። መፍትሔው ስም ትቶ ቁጥር መያዝ ነው። ቶዮታ ለእያንዳንዱ ዕቃ ባለ አሥር አኃዝ ቁጥር አለው፤ ለምሳሌ በ90311 የሚጀምረው ሁሉ ዘይት የሚያግድ ጎማ ነው። ከካቻቪቴም አትቆጥቡ፤ የጃፓኑ ብሎን መስቀል ቢመስልም የአሜሪካው ካቻቪቴ እየዘለለ ራሱን ይበላዋል። ጄአይኤስ (የጃፓን ደረጃ) የሚለውን ግዙ።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ከፊት ጎማ በስተጀርባ ባለው ትልቅ የብረት ኳስ ላይ ጥቁር ቀጭን ወጥ ሲወርድ ከታየ፣ የውስጠኛው ዘይት ማገጃ ጎማ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተቀላቅሏል። በ60ውም በ80ውም አሠራሩ አንድ ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች የ80ው ናቸው። ለጀማሪ አንዱ ጎን አንድ ሙሉ ቀን ይፈጃል።

ጎማው ወርዶ ካሊፐሩ (ፍሬኑን የሚጨብጠው) ሲፈታ በሽቦ ይንጠልጠል እንጂ በፍሬን ቱቦው አይንጠልጠል። በመሃል ያለው ክዳን ስድስት ዳዶ አለው፣ ከየዳዶው ሥር ሾጣጣ ሮንዴላ ተነክሶ ተቀምጧል። በመሮ መፈልቀቅ ስህተት ነው፤ ዳዶው ጥቂት ዙር ተመልሶ ክዳኑ በነሐስ መዶሻ ጎን ጎኑን ሲመታ ሮንዴላው “ጥብ” ብሎ ይወጣል። ከዚያ የአክሰሉ ጫፍ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ይወልቃል፣ በ54 ቁልፍ ሁለቱ ትልልቅ ዳዶዎች ይፈታሉ፣ ሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት) ይወጣል። ስምንቱ ብሎኖች ወልቀው ስፒንድሉ (ሀቡ የሚዞርበት ቱቦ) ሲለቅ ያ ወጥ ስለሚደፋ ትልቅ ትሪ ይዘጋጅ። አክሰሉ አልወጣም ካለ አያስገድዱት፤ ቢርፊልዱ (ጎማው ሲታጠፍም ኃይል የሚያስተላልፈው የአክሰሉ መገጣጠሚያ) ላይ ያለው ጠፍጣፋ ጎን ወደ ላይና ወደ ታች እስኪዞር ድረስ አያልፍም።

ከላይና ከታች ያሉት ስሶቹ ስፔሰሮች የየትኛው ጎን፣ የላይ ይሁኑ የታች እንደሆኑ ወዲያው ይጻፍባቸው። እነሱ ከተደበላለቁ ኳሱ መሃሉን ስቶ አዲሱ ማገጃም አይዘልቅም። ቀሪው ቀን ማጠብ ነው፤ ከዚህ ሥራ ግማሹ ጋዝና ጨርቅ ነው።

አዲሱን ማገጃ ያስገቡ ብዙዎች በሳምንቱ መልሰው የሚፈቱት በአንድ ምክንያት ነው፦ አክሰሉን ሲመልሱ ክብደቱን በማገጃው ከንፈር ላይ ይጥሉታል፣ ጥርሱ ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ከንፈሩ ግሪስ ተቀብቶ አክሰሉ በሁለት እጅ ተይዞ ሳይነካው ነው የሚገባው። አክሰሉ ላይ የድሮው ማገጃ የፈለፈለው ቦይ በጥፍር ከተሰማ አዲሱ ትንሽ ጥልቀት ለውጦ ይቀመጥ። ማገጃው ከተለወጠ በኋላም ካንጠባጠበ የአክሰሉ መተንፈሻ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱ ሲሞቅ ግፊቱ ሌላ መውጫ ስለሚያጣ በማገጃው ይወጣል። መተንፈሻውን በቱቦ ወደ ሞተር ክፍል ከፍ ማድረግ ጥቂት ዶላር ነው።

ኳሱ ውስጥ የሚገባው ሞሊብዲነም ያለበት ግሪስ ነው፣ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ። መሪውን ጥግ ድረስ ሲያዞሩ “ቀጭ ቀጭ” የሚል ቢርፊልድ ካለ የግራውን ወደ ቀኝ ማዛወር ያልተበላውን ፊት ስለሚያመጣ ዕድሜ ይጨምርለታል። ኩሽኔታዎቹ ገብተው፣ ማገጃዎቹ ሳይታሰሩ፣ የመሪው ዘንግ በሚገባበት ቀዳዳ የዓሣ ሚዛን አንጠልጥሎ መሳብ ነው፤ ከ3 እስከ 5.6 ኪሎ ላይ መዞር አለበት። ከቀለለ ፍሬን ሲያዝ መሪው ይንቀጠቀጣል።

ለሀቡ የውስጠኛው ዳዶ በ59 ኒውተን ሜትር ይጠብቅና ሀቡ ወዲህ ወዲያ ይዙር፤ ከዚያ ላልቶ እንደገና በ5.4 ብቻ ይያዝ፣ የውጪው በ64 ይቆለፍ። ዲፈረንሻሉ ላይ ዘይት ሲቀየር ከማፍሰሻው በፊት የመሙያው ቡሽ ይፈታ፤ ዘይቱ ፈስሶ መሙያው እምቢ ያለ ሰው መኪናውን የትም አይወስደውም። የዘይቱ ደረጃ ለዲፈረንሻል ጂኤል-5፣ በእጅ ለሚቀየር ካምቢዮ ግን ጂኤል-4 ነው።

ጎማው ከተመለሰ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል ነድቶ ሀቦቹን በመዳፍ መንካት ነው። አንዱ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ኩሽኔታው ከመጠን በላይ ጠብቋል። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ደግሞ ከሥር ገብቶ የመሪውን ክንድ የሚይዙት አራት አራት ዳዶዎች በ96 ኒውተን ሜትር እንደገና መሞከር አለባቸው፤ ሾጣጣዎቹ ሮንዴላዎች ቦታቸውን ሲይዙ ዳዶዎቹ ይላላሉ፣ ከላሉ ደግሞ ብሎኖቹ የሚቆረጡት እየነዱ ነው።