60 ሜትር ገመድና የእናቴ በረኪና

ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል የሚባለውን ነገር ያደግሁባት አዲስ አበባ አላስተማረችኝም። አባቴ ለስምንት ዓመት የነዳትን መኪና ከገዛበት ዋጋ በላይ ሲሸጣት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የተሰነጠቀ ባልዲ እንኳ «ቆራሌው!» እያለ በሰፈራችን ለሚያልፈው ሰው የሚቀርብ፣ ክርክር የሚደረግበት ንብረት ነበር። ስለዚህ በኮሎራዶ፣ በአውሮራ ከተማ፣ ቤቴን ያጣበበውን የቋጥኝ መውጫ ዕቃ ለመሸጥ ስነሣ፣ ካወጣሁበት 1,100 ዶላር ቢያንስ 900ው እንደሚመለስልኝ አልተጠራጠርሁም፤ እንዲያውም ገንዘቡን በልቤ ለመኪናዬ የክረምት ጎማ መድቤው ነበር።

ዕቃውን የገዛሁት የመውጣት ስፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ የተካተተበትን የቶኪዮ ኦሊምፒክ በ2021 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን አይቼ፣ በአንድ ሳምንት ግለት ነው። ጎልደን ከተማ አጠገብ ያለውን ኖርዝ ቴብል ማውንቴን፣ እኛ አገር ቢሆን አምባ የምንለውን አናቱ ጠፍጣፋ ተራራ፣ ስድስት ጊዜ ሞከርሁት። በስድስተኛው ቀን ከምድር ስምንት ሜትር ከፍ ብዬ፣ ድንጋዩን አቅፌ፣ የማውቃቸውን ታቦታት ሁሉ በየስማቸው ከጠራሁ በኋላ ከስፖርቱ ጋር በሰላም ተለያየን።

ሽያጩ እናቴ ልትጠይቀኝ ከመጣችበት ጊዜ ጋር ገጠመ። «የቆሸሸ ዕቃ ለገበያ አይወጣም» ብላ፣ እኔ ሥራ በዋልሁበት ቀን 60 ሜትሩን ገመድ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ዘፍዝፋ፣ በረኪና ጨምራበት አሽታ አጠበችው። ማታ ስገባ ብርቱካንማው ገመድ ወደ ፈዛዛ ሮዝ ተለውጦ በረንዳው ላይ እንደ ዘንዶ ተጋድሞ አገኘሁት። ከልቤ አመሰገንኋት።

በማግስቱ ገዢዋ መጣች፤ የጣቶቿ ቆዳ እንደ ግንበኛ የጠነከረ፣ ዝምተኛ ወጣት ናት። ዝምታዋን እንደ ማመንታት ቆጥሬ፣ የመርካቶ ደሜ ተነሣና ዕቃዬን ማሞገስ ጀመርሁ።

«ጥንካሬው አይነገርም፤ በረዶ ውስጥ የተቀረቀረች መኪናዬን ያወጣሁት በዚህ ገመድ ጎትቼ ነው» አልኋት።

«የት ነበር የሚቀመጠው?»

«እስካለፈው ወር ድረስ መኪናዬ ውስጥ፣ በኋላ ዕቃ መጫኛው፣ ከአሮጌው ባትሪ አጠገብ፤ ፀሐይ አይቶት አያውቅም። አሁን ደግሞ በበረኪና ታጥቦ እንደ አዲስ ሆኗል።»

ገመዱን እንደሚናደፍ ነገር ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ከዚያ በኋላ ያስረዳችኝን ከመግዛቴ በፊት ባውቀው ኖሮ ጎማው ዛሬ መኪናዬ ላይ በሆነ ነበር። የቋጥኝ መውጫ ገመድ ናይሎን ነው፤ ሥራውም መያዝ ብቻ ሳይሆን የሚወጣው ሰው ሲወድቅ በውድቀቱ ልክ ተለጥጦ ድንጋጤውን መዋጥ ነው፤ ስለዚህም ለሽያጭ ከመብቃቱ በፊት 80 ኪሎ ክብደት ተንጠልጥሎበት፣ ቢያንስ አምስት ብርቱ ውድቀት ሳይበጠስ መቻሉ ይፈተናል። የባትሪ አሲድም ሆነ በረኪና ግን ይህን ናይሎን በዓይን የሚታይ ምልክት ሳይተው ሊያደክመው ይችላል። ያገለገለ ገመድ የሚገዛ ሰው የሚገዛው የሻጩን ቃል ነው፤ እኔ ደግሞ ቃሌን አሳምሬ ሰጥቻታለሁ።

የወገብና የጭን ማሰሪያው ከገመዱ ጋር ባትሪው አጠገብ ስለከረመ አልዳነም፤ ደግሞም ብዙዎቹ አምራቾች ለጨርቅ ዕቃ፣ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ሲቆጠር፣ ሳይነካ ቢቀመጥ እንኳ ከአሥር ዓመት በላይ ዕድሜ አይሰጡትም። ሄልሜቱን ስታነሣው፣ መናዘዝ ለምዶብኝ ስለነበር፣ ከሦስተኛ ፎቅ ደረጃ ተንከባልሎብኝ እንደነበር ሳልጠየቅ ነገርኋት። ጫማውን፣ ሶሉ ተቀይሮለት እንደገና የሚያገለግል ቢሆንም፣ አፍንጫዋን ይዛ መለሰችልኝ።

ዋጋውን የጠበቀው ብረቱ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ገብተው በሞላቸው (በስፕሪንጋቸው) ኃይል የሚነክሱት፣ ካም የሚባሉት መያዣዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ለገበያ ሲቀርቡ «ፍሬንድ»፣ ማለትም ወዳጅ፣ ተብለው ነበር፤ በዚያ ቀን ከንብረቴ ሁሉ ያልከዱኝም እነርሱ ናቸው። ሞላቸውንና ሽቦአቸውን አንድ በአንድ ፈትሻ፣ የጨርቅ ማንጠልጠያቸውን እንደምታስቀይር ነግራኝ፣ አምስቱን በ200 ዶላር ወሰደች።

የቀረው ገመድ የሚቆልፈው ግሪግሪ ነበር፤ ስድሳ ዶላር ላይ ልንስማማ ጥቂት ሲቀረን እናቴ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ። እኔም ሞኙ፣ ስሙ በምዕራብ አፍሪካ ክታብ ማለት እንደሆነ ተረጎምሁላት። አማተበች። «ክታብ? እኔ በምተኛበት ቤት? ዛሬውኑ ይውጣልኝ!» እያለች ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ልጅቱ እጅ ላይ አኖረችው። በእንዲህ ያለ የሻጭ ችኮላ ፊት የሚጸና ዋጋ የለም፤ በ30 ዶላር ሄደ።

ልጅቱ ስትሰናበት ገመዱን ሌላ ሰው አግኝቶ እንዳይወጣበት እንድቆራርጠው አደራ አለችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ደብረ ዳሞ መነኮሳቱ በጠፍር ነው የሚወጡት፤ ለጠፍር ደግሞ የልደት ቀን የሚቆጥርለት ማን ነው?» ያንን 15 ሜትር ገደማ ገደል ሴት እንደማትወጣው፣ ስለዚህም ገመዱን ሞክራው እንደማታውቅ ላስታውሳት አሰብሁና ተውሁት። መቆራረጡን ግን ራሷ ተረከበችው፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ ወደ አገሯ በምትመለስበት ቀን፣ ሁለቱም ሻንጣዎቿ በሮዝ ገመድ እንደ ሙክት ተጠፍረው በሩ ላይ ሳያቸው ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ አንደኛው ሻንጣ 23 ኪሎ ተኩል መዘነ፤ የሚፈቀደው 23 ነበር፤ ተቀባይዋም የማትለሳለስ ሴት ሆነችብን። አንድ ሜትሩ 62 ግራም የሚመዝን ገመድ ስምንት ሜትር ያህል ተጠምጥሞበት ስለነበር ትርፉ ከየት እንደመጣ ለማስላት አልተቸገርሁም። «እማዬ፣ ገመዱን እንፍታው» አልኋት።

«ይኼን የመሰለ ገመድ? መርካቶ ስንት እንደሚያወጣ ታውቃለህ?» አለችና፣ ቋጠሮውን ራሷ ፈትታ፣ ለአክስቴ የገዛሁትን ትልቅ ሻምፖ አውጥታ እኔ እጅ ላይ ካኖረች በኋላ፣ ገመዱን መልሳ ጠመጠመችው።