ስድስት… ስድስት…

ጎረቤቴ እማማ የፋይዳ መታወቂያ ምዝገባን ያለፉት በቅቤ ነው። ዕድሜ ልኩን ጥጥ የፈተለና ኩበት የጠፈጠፈ ጣት ደርቆ መስመሩ ስለሚሳሳ፣ የአሻራ ማንሻው አያነበውም። እጃቸውን በለብታ ውሃ አሳጠብኳቸው፤ ጣታቸውን ቅቤ አስነክቼ በጨርቅ ጠረግሁት። አስሩም አለፈ። (ሳይጠረግ ከተጫነ መስታወቱ ይጨማለቃል። መጀመሪያ ያደረግነው እሱን ነበር።) የተወለዱት «ጣሊያን የወጣ ዓመት» ስለሆነ 1933ን በፈረንጅ 1941 ብለን ተገላገልን።

ጥፋቴ ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸው ስልክ ስለሌላቸው የልጅ ልጃቸውን ቁጥር አስመዘገብኩ።

ቅዳሜ ዕለት የመታወቂያውን ዲጂታል ቅጂ ላወርድላቸው ተነሳሁ። 12 አሃዙን ቁጥር ስታስገቡ፣ ባለ 6 አሃዝ የማረጋገጫ ኮድ ወደተመዘገበው ሲም ይላካል። የእኔ ዳታ የሚሠራው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ሲሙ ያለው ልጁ ኪስ ውስጥ፤ ልጁ ያለው ከብቶቹ ጋር፣ ከገደሉ ማዶ። ስልኩ ማይኩ የሞተ ባለቁልፍ ነው፣ ሒሳብም የለው። መልእክት ማንበብ እንጂ መናገርም መላክም አይችልም።

ኮድ ጠየቅሁ፤ ዝም። ደገምኩ። ሠለስኩ። ልጁ ኔትወርክ ወዳለበት ድንጋይ ሲወጣ ሦስቱም ተግተልትለው ገቡለት። የሚሠራው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ እሱ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ ይጮህልኛል።

«የታችኛውን! የታችኛውን አንብብ!»

«አራት! ሰባት! ስድስት!» ገደሉም «ስድስት!» አለ። ሁለት ስድስት መስሎኝ ጻፍኩ። መጨረሻ ላይ ኮዱ ሰባት አሃዝ ሆኖ አረፈው። ኮዱን ለማንም አትስጡ ይላል መልእክቱ፤ እኛ ለሁለት ጎጥ አሰማን።

አራተኛውን በዱላ ተስማማን፦ ቁጥሩን ያህል ዱላ ማንሳት፣ ለዜሮ ቁጭ ማለት። አምስተኛው አሃዝ ላይ ቁጭ አለ። ዜሮ ይሁን ድካም አልለየሁም፤ ዜሮ ብዬ ጻፍኩ። ተከፈተ።

እማማ ፎቷቸውን ትኩር ብለው አዩና፣ «ይቺ እህቴ ናት፤ የኔን አምጣ» አሉኝ።

ማታ ሦስት ጎረቤቶች ደጃፌ ላይ ቆመዋል፦ «የእኛንም ልጁ ይጩህልን።»