ሰርፊንግ በሚዘወተርበት የባሕር ዳር ከተማ፣ ዘመድ ቤት ሆኖ ኑሮን ማደላደል

ዘመድ ቤት አርፎ የውጭ አገር ኑሮ የሚጀምር ሰው አብዝቶ የሚጨነቀው ስለ ወረቀትና ስለ ሥራ ነው። ሁለቱም ማስጨነቃቸው አይቀርም። ሰርፊንግ (በሰሌዳ ላይ ቆሞ የባሕር ሞገድ መጋለብ) በሚዘወተርበት ከተማ ግን ከዘመድ ጋር ቶሎ የሚያቀያይሙት ሙቅ ውሃ፣ አሸዋና ያልተነገረ የመውጫ ቀን ናቸው። እኔ የጀመርኩት ከእነዚህ ነው፤ የቀረውን ያቀለለልኝም ይኸው ነው።

ሙቅ ውሃውን በሊትር ማሰብ ይሻላል። ተራ ሻወር በደቂቃ ከ8 እስከ 10 ሊትር ያፈስሳል። 80 ሊትር የሚይዝ ቦይለር በ60 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተደባልቆ 140 ሊትር ያህል የመታጠቢያ ውሃ ይወጣዋል፤ ይህ ለሁለት ሰው ስምንት ስምንት ደቂቃ ማለት ነው። እንደገና እስኪሞቅ ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። ችግሩ ሰርፊንግ የሚወድ ሁሉ ከባሕር የሚመለሰው በተመሳሳይ ሰዓት መሆኑ ነው። ጠዋት ነፋሱ ጋብ ስለሚል ሞገዱ ያምራል፤ ፀሐይ የብሱን ስታሞቀው ከባሕር የሚነፍሰው ነፋስ ይነሣና ያበላሸዋል። ስለዚህ ወደ ቤት የሚደረሰው ልክ ቤተሰቡ ለሥራና ለትምህርት ቤት ሲጣደፍ ነው። የያዝኩት ደንብ ጨውንና አሸዋውን ደጅ በቀዝቃዛ ውሃ መታጠብ፣ ሙቁን ለሦስት ደቂቃ ብቻ መጠቀም፣ እሱንም የመጨረሻው ሰው ከቤት ከወጣ በኋላ ነው።

የአሸዋው ጉዳት ዘግይቶ ስለሚታይ የባሰ ነው። ከመታጠቢያው ሥር የቱቦው እጥፋት ውስጥ ይረጋል፣ ከፀጉርና ከሳሙና ዝቃጭ ጋር ይጣበቃል፣ አንድ ቀን ውሃው አልወርድም ይላል። እርጥብ አሸዋ ጨርቅ ላይ ይለጠፋል፣ የደረቀው ግን ይረግፋል፤ የሥራው ቅደም ተከተል የሚመጣው ከዚህ ነው። ፎጣውንና የዋና ልብሱን መጀመሪያ ደጅ ባልዲ ውስጥ በንጹህ ውሃ ማለቅለቅ፣ አስጥቶ ማድረቅ፣ በደንብ ማራገፍ፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሽን ውስጥ መክተት። ጨው ሳይለቅ የተሰጣ ፎጣ ከአየሩ እርጥበት ስለሚስብ ምንጊዜም ሲነኩት ረጠብ ይላል። ዌትሱት፣ ማለትም ከቅዝቃዜ የሚከላከለው የጎማ የዋና ልብስ፣ ማሽንም ፀሐይም አይወድም፤ ተለቅልቆ፣ ተገልብጦ፣ ወገቡ ላይ ታጥፎ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። በትከሻው ከተንጠለጠለ የያዘው ውሃ ክብደት ጎማውን ይለጥጠዋል።

ጨው በነፋስም ይመጣል። የብስክሌት ካቴና፣ የበር ማጠፊያና ጓጉንቸር ከመሀል አገር ይልቅ ቶሎ ዝገት ይይዛቸዋል። በየሳምንቱ በንጹህ ውሃ አጥቦ፣ አድርቆ ዘይት መቀባት ይበቃል፤ ይህን ሥራ ለቤቱ ሁሉ መያዝ ደግሞ እንግዳ ሊሰጥ ከሚችለው ስጦታ ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል። ቁም ሣጥን ከውጭው ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ፤ አየር ካላለፈ ከጀርባው ሻጋታ ይይዛል። ፓስፖርትና የትምህርት ማስረጃ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ ውስጥ ይቀመጡ።

ባሕሩን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ ብቻ ልቆይ፤ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። ሞገድ ወደ ዳር የገፋው ውሃ ተመልሶ የሚወጣበት ጠባብ መስመር አለ፤ ሪፕ ይሉታል። አታላይነቱ ጸጥ ያለ መምሰሉ ነው። ግራና ቀኙ ሞገድ እየተሰበረ ነጭ አረፋ ሲያወጣ መሀሉ ጠቆር ብሎ ለጥ ይላል፤ አዲስ ሰው ለዋና የሚመርጠውም ያንኑ ቦታ ነው። አንዳንዱ ሪፕ በሰከንድ ከ2 ሜትር በላይ ስለሚሄድ ጎበዝ ዋናተኛም ተቃርኖት አያሸንፍም። ወደ ታች ግን አይጎትትም፣ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው። ሪፕ የያዘው ሰው በጀርባው ተንሳፍፎ እጁን ያነሣል፤ አቅም ካለው ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝቶ አረፋው ወዳለበት ይሄዳል፣ ሞገዱ ራሱ ወደ ዳር ይመልሰዋል። ከመግባቴ በፊት ከፍ ካለ ቦታ ሆኜ 15 ደቂቃ እመለከታለሁ፤ ትልልቆቹ ሞገዶች ተከታትለው የሚመጡት በየተወሰነ ጊዜ ስለሆነ አምስት ደቂቃ ማየት ያሳስታል። በብዙ አገር ቀይና ቢጫ ባንዲራ የሕይወት አድን ሠራተኞች የሚጠብቁትን የዋና ክልል ያሳያል፤ ሰርፍ ቦርድ ይዞ እዚያ መግባት አይፈቀድም። የባሕሩ ሙላት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። ለጀማሪ 8 ጫማ ገደማ የሆነ፣ ላዩ ለስላሳ ስፖንጅ የሆነ ቦርድ ይበቃል፤ ያውም በኪራይ።

ወደ ቤቱ ልመለስ። ዘመድ «ገንዘብ አንቀበልም» ይላል፣ ከልቡም ነው። የሚሠራው መንገድ አንድ ቋሚ ወጪ፣ ለምሳሌ የኢንተርኔት ወይም የመብራት ሒሳብ፣ ይዞ ሳይጠየቁ መክፈል ነው። ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ስለማይሄድ ማንንም አያሳፍርም። ወረቀት ላይ ደግሞ ባንክ የአድራሻ ማስረጃ ሲጠይቅ ሒሳቦቹ ሁሉ በዘመድ ስም ናቸው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ከዘመድ የተፈረመ ደብዳቤ፣ ከመታወቂያው ቅጂ ጋር፣ ማዘጋጀት። ዘመዱ ራሱ ተከራይ ከሆነ ውሉ ተጨማሪ ነዋሪ ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድሞ ይታይ፤ ካልፈቀደ የአከራዩን የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቅ፣ አለዚያ ቤቱን የሚያጣው እሱ ነው።

የመውጫ ቀን የሚቆረጠው የጎብኚዎችን ወቅት አይቶ ነው። ወቅቱ ሲገባ ቤቶች በሳምንት ሒሳብ ለጎብኚ ስለሚከራዩ ክፍል ይጠፋል፤ ሲያልቅ ግን ባዶ ይሆናሉ፣ ዋጋም ለድርድር ይመቻል። ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፤ ሆቴልና ካፌ ሠራተኛ የሚፈልጉት ወቅቱ ሳይገባ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀደም ብለው ነው። ስለዚህ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ሥራ ይዤ፣ እስኪያልቅ ዘመድ ቤት እየኖርኩ ሠርቼ ቆጥቤ፣ ከዚያ ቤት መፈለግን መረጥኩ፤ ይህንኑም ለዘመዶቼ በመጀመሪያው ሳምንት በወር ስም ነገርኳቸው። ክፍል ሲገኝ ከዋጋው በፊት የሚጠየቀው «ውሉ የሚያልቀው በየትኛው ወር ነው?» የሚለው ነው። ርካሽ የሚመስለው ውል ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ቀጣዩ የጎብኚ ወቅት ሊገባ ሲል ነው፤ የአሥራ ሁለት ወር ውል በወር ትንሽ ቢጨምርም ይመረጣል።