የጥቁሮቹ ቁልፎች ሰውዬ

ሰሞኑን ከሥራ ስገባ የማነበውም የማዳምጠውም አሜሪካዊውን የዘፈን ደራሲ ኧርቪንግ በርሊንን ሆኗል። ነገሩ የመጣው በሠርግ ነው። በፈረንጆቹ ገና ሰሞን እዚሁ ሜሪላንድ የምንጫወትበት ሠርግ አለ፤ የሙሽራዋ ቤተሰቦች «ዋይት ክሪስማስ» የሚለው የገና ዘፈን ካልተጫወተልን አሉ። እሺ ብዬ ልለማመድ ኪቦርዱ ላይ ስቀመጥ የደራሲውን ስም አየሁ፤ ከዚያ ወዲያ ልምምዱ ቀርቶ ሰውዬውን ማሳደድ ሆነ ሥራዬ።

ሲወለድ በርሊን አልነበረም፤ እስራኤል ቤይሊን ነው። በ1888 በሩሲያ ግዛት ተወለደ፣ በ1893 የአምስት ዓመት ልጅ ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ኒው ዮርክ ገባ። ከዚያኛው አገር ትዝ የሚለው አንድ ነገር ብቻ መሆኑን ይናገር ነበር፤ መንገድ ዳር ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ ቤታቸው ሲቃጠል ማየቱን። አባቱ በምኩራብ ጸሎቱን በዜማ የሚመራ ሰው ነበር። ኒው ዮርክ ሲደርስ ግን እንጀራው ሥጋው በአይሁድ ሥርዓት መታረዱን መቆጣጠር ሆነ፤ በ1901 ሞተ። እዚህ አካባቢ ስንት መምህር፣ ስንት መቶ አለቃ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት እንደሚቆርጥ ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

ከልጅነቱ ውስጥ የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ማታ ማታ ልጆቹ ከየዋሉበት ሲመለሱ ያገኙትን ሳንቲም እናታቸው ሽርጥ ላይ ይጥላሉ። ትንሹ ጋዜጣ ሲሸጥ ውሎ የሚያመጣው ከእህቶቹ ያንሳል። ይኼ ከነከነው። ማንም ሳይናገረው፣ ማንም ውጣ ሳይለው፣ በ14 ዓመቱ ገደማ ከቤት ወጥቶ ቀረ። የምልከው ብር ያነሰ ወር ላይ አገር ቤት ስልክ መደወል የሚጨንቀኝ ሰው ነኝና፣ ይህን ልጅ ማንም ባያስረዳኝ ገብቶኛል።

ከዚያ በባወሪ ሰፈር መጠጥ ቤቶች እየዞረ ዘፈነ፤ ቀጥሎ ቻይናታውን ፔል ጎዳና ላይ ፔልሃም ካፌ የሚባል ቤት እየዘፈነ የሚያስተናግድ አስተናጋጅ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው ልክ የአዝማሪ ቤት ሥራ ነው፤ ሰው የሚያውቀውን ዘፈን ይዞ ግጥሙን እዚያው ይገለብጠዋል፣ ባለጌ ባለጌውን ይጨምርበታል፣ ጠጪው ይስቃል፣ ሳንቲም ይወረወራል። ቤቱ ሲዘጋ ከኋላ ያለውን ፒያኖ ብቻውን ይነካካል። በ1907 የጎረቤት መጠጥ ቤት ልጆች የራሳቸውን ዘፈን ሲያሳትሙ የእሱ አለቃ ቀና፤ እናንተስ አለ። እሱ ግጥሙን፣ የቤቱ ፒያኖ ተጫዋች ዜማውን ሠሩ። ድርሻው 37 ሳንቲም ሆነች። የታተመው ኖታ ሽፋን ላይ ስሙ በርሊን ተብሎ ወጣ፤ እሱም እንደዚያው ተወው።

አሁን ወደ ፒያኖው ልምጣ፤ እኔን ሌሊት ያስቀመጠኝ እሱ ነው። ይህ ሰው ኖታ ማንበብም መጻፍም አልተማረም። በመቶዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች አሳትሟል፤ ሲጫወት ግን በኤፍ ሻርፕ ስኬል ብቻ ነው፤ ጣቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቁሮቹ ቁልፎች አይወርዱም። ሌላ ስኬል ሲያስፈልገውስ? ልዩ ፒያኖ ገዛ። ከቁልፎቹ ሥር እጀታ አለው፤ እጀታውን ሲያንቀሳቅሰው ውስጡ ያለው መሣሪያ ይንሸራተትና እጁ ኤፍ ሻርፕ ላይ እያለ ድምፁ በፈለገው ስኬል ይወጣል። ትራንስፖዝ ማለት ነው፤ የእኛ ልጆች ሠርግ ላይ ዘፋኝ በተቀየረ ቁጥር በአንድ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ፣ በእንጨትና በብረት ተሠርቶ። አንደኛውን ፒያኖ በኋላ ለስሚዝሶኒያን ሙዚየም ሰጥቶታል። ኖታውን ደግሞ የሚጽፍለት ሰው ቀጠረ፤ እሱ ያዜማል፣ ጸሐፊው ይጽፋል፣ መልሶ ይጫወትለታል፣ አይደለም ይለዋል፣ ጆሮው የፈለገው ኮርድ እስኪመጣ ድረስ።

ከዓመታት በፊት አንድ የሙዚቃ መምህር ኖታ የማያነብ ሰው ሙዚቀኛ አይባልም ብሎኝ አንገቴን ደፍቼ ወጥቻለሁ። ስሙን አልጠራም። ይህን ፒያኖ ባሳየሁት እንዴት ደስ ባለኝ።

ኪቦርድ የነካ ሐበሻ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አምስቱን ጥቁር ቁልፎች ከኤፍ ሻርፕ ጀምሮ ብቻቸውን ብትነካቸው ትዝታ ሜጀር ነው የሚወጣው። ስለዚህ «ዋይት ክሪስማስ»ን በእሱ ኤፍ ሻርፕ ልሞክረው ብዬ ነበር። ገና ከመጀመሪያው መስመር አልገባም አለኝ። ዜማው ከጥቁሩ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ነጭ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል፣ በሌላው በኩል ደግሞ በግማሽ ድምፅ ይወርዳል፣ እንደገና ይመለስና በግማሽ በግማሽ እየተሳበ ሽቅብ ይወጣል። ከአምስቱ የትዝታ ድምፆች አንዷን ብቻ ይዞ በዙሪያዋ ሲልከሰከስ አስቡት። ለሚሰማው ቀላል ነው፤ ለሚጫወተው ግን ተንኮል አለበት።

ዘፈኑን በ1942 ቢንግ ክሮዝቢ በፊልም ላይ ዘፈነው። ብዙ ጊዜ የማይዘፈን መግቢያ አለው፤ ሰውየው ያለው በረዶ ውስጥ ሳይሆን ቤቨርሊ ሂልስ፣ ዘንባባ ሥር፣ ፀሐይ ላይ ነው። በረዶ የናፈቀው ለዚያ ነው። (እኔ በየክረምቱ መኪናዬን ከበረዶ ስቆፍር ይህ ናፍቆት አይታየኝም።) ለበርሊን ደግሞ የገና ቀን ሌላ ቀን ነበር። አራስ ልጁ የሞተበት ታኅሣሥ 25 ቀን 1928 ነው፤ ወር እንኳ አልሞላውም። ከዚያ በፊትም በ1912 ያገባት ዶሮቲ ለጫጉላ ኩባ ደርሰው ሲመለሱ በታይፎይድ ታማ በዚያው ዓመት ሞታበታለች። ኋላ፣ በ1926፣ ኤሊን ማካይን አገባ፤ የሀብታም ካቶሊክ ልጅ ናት፣ አባቷ ልጄን ለአይሁዳዊ ስደተኛ አልድርም ብሎ ቢያኮርፍም። «ኦልዌይስ» የሚለውን ዘፈን ከነገቢው ለእሷ ሰጣት። ለሙሽራ የዘፈን መብት የሚሰጥ ባል! ወርቅ ከመስጠት ይሻላል፤ ወርቅ ልጅ አይወልድም።

መብት ካልኩ አይቀር፣ ከዘፈኖቹ ይልቅ የቀናሁበት ይኼንን ነው። በ37 ሳንቲም የጀመረ ልጅ በ1914 የደራሲዎችን ክፍያ የሚሰበስበውን አስካፕን ከመሠረቱት አንዱ ሆነ፤ በ1919 የራሱን የሙዚቃ ማተሚያ ድርጅት አቋቋመ፤ በ1921 ደግሞ ከሸሪኩ ጋር ሚዩዚክ ቦክስ የተባለውን ቲያትር ኒው ዮርክ ላይ አሠራ። እኛ ጋ በካሴት ዘመን ስንቱ ደራሲ ግጥምና ዜማውን ለሙዚቃ ቤት በአንድ ጊዜ ክፍያ ሸጦ፣ ዘፈኑ ከታክሲ እስከ ሠርግ ሲጮህ እሱ ታክሲው ውስጥ ቆሞ ይሰማ ነበር።

ሰውዬው መልአክ አልነበረም። ፊታቸውን ጥቁር የተቀቡ ነጮች የሚጫወቱት ትርኢት ላይ ጽፏል፤ «ዋይት ክሪስማስ» ያለበት ፊልም ውስጥ እንኳ እንዲህ ያለ ትርኢት አለ። ስሙን ያስጠራው የ1911 «አሌክሳንደርስ ራግታይም ባንድ» ከጥቁሮቹ ሙዚቃ ስም ያተረፈ ዘፈን ነው። ግን ይኸው ሰው በ1933 «ሰፐር ታይም»ን ጻፈ፤ ባሏ በነጮች መንጋ የተገደለባት ሴት ለልጆቿ ራት እያቀረበች አባታችሁ አይመጣም ማለት ያቃታት። ኤተል ዋተርስ ናት ብሮድዌይ ላይ የዘፈነችው። ለእኔ ከሁሉም ሥራዎቹ እሱ ይበልጣል።

«ጎድ ብሌስ አሜሪካ» ግን ብዙም አይማርከኝም፤ ቤዝቦል ሜዳ ሰው ሁሉ ሲነሣ እኔም ተነሥቼ እቆማለሁ፣ በቃ። ታሪኩ ነው የሚገርመው። በ1918 ወታደር ሳለ ጻፈው፤ ግን ይሳካል ብሎ ስላላመነ ወደ ጎን አደረገው፤ በ1938 አውሮፓ መታመስ ስትጀምር አውጥቶ አስተካከለው፣ ኬት ስሚዝ በሬዲዮ ዘፈነችው። ገቢውን ለስካውት ልጆች ሰጠ። ያም ሆኖ ኩ ክለክስ ክላንና የናዚ ደጋፊዎች አይሁዳዊ ስደተኛ በምን አፉ ይህችን አገር ይባርካል ብለው ተነሡበት። በ1989 በ101 ዓመቱ ሞተ።

እኔ ዘፈኑን በኤፍ ሻርፕ ይዤዋለሁ። ዘፋኛችን ግን ከሲ ፈቀቅ አልልም ስላለ ትራንስፖዙን ስድስት ዝቅ አድርጌያለሁ። ትናንት ደግሞ የሙሽራው እናት ደውለው «ልጄ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ችክችካ ብትቀይሩልን፣ ሰው ይነሣል» አሉኝ። እሱን ነገ ከድራመሩ ጋር እንነጋገራለን።