ልጁ ከሰርጉ በፊት ክርስትና ተነሳ 😂

እስቲ ጉዴን ስሙልኝ። ዘንድሮ ለገና ዘመድ ሁሉ እህቴ ቤት ይሰበሰባል ተባለና እኔ መቼም አፌ አያርፍ፣ «የስንት ዓመቱን ፎቶ አደራጅቼ በቲቪ አሳያችኋለሁ» ብዬ ቃል ገባሁ። በየፍላሹ በየሞባይሉ የተበታተነውን ወደ 4 ሺህ ፎቶ ላፕቶፔ ላይ ገለበጥኩና አንድ ነፃ የፎቶ ማደራጃ ሶፍትዌር ጫንኩ። ሲያምር ደግሞ! ካሜራው ፎቶው ውስጥ የጻፈውን ቀን እያነበበ ራሱ በዓመት በዓመት ይደረድራል፣ ፊት እያየም ሰው ይለያል (እህቴን ግን ሁለት ሰው አድርጓታል፣ አንዷ እሷ፣ አንዷ የሰርጓ ቀን ሜካፕ የተቀባችው። አልፈርድበትም፣ እኔም ያን ቀን አላወቅኳትም)።

ቀድሜ ሳላየው ቲቪው ላይ ሰካሁት። ዶሮው ተበልቷል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ነው፣ የባሏ እናት ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ የእህቴ ልጅ ክርስትና መጣ፣ ጥጉ ላይ 2010 ይላል። እልልል! ቀጥሎ ሰርጉ። 2017።

ቤቱ ጭጭ። አክስቴ መነጽራቸውን አስተካክለው «ውይ፣ አምና ነው እንዴ የተጋቡት?» የባሏ እናት ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ በ2009 በተክሊል ነው ያገባው!» የ7 ዓመቱ ልጅ ደግሞ «እኔ ታዲያ ሰርጉ ላይ ለምን የለሁም?» አይል መሰላችሁ!

ነገሩ የገባኝ ማታ ነው። የሰርጉ ፎቶ የሞባይል ነው፣ ሞባይል በፈረንጅ 2017 ብሎ ይጽፋል። የክርስትናው ግን የአባዬ ካሜራ ነው። አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ ቀኑንም ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ነው የሚሞላው፣ በየበዓሉ ራሱ እያስተካከለ (ጥቅምት 30 ላይ ካሜራው እምቢ ይለዋል፣ 2ኛው ወር ለሱ ፌብሩዋሪ ነዋ)። ስለዚህ ሚያዝያ ውስጥ ከጠዋቱ 1 ሰዓት የተነሳው ልጅ፣ ለሶፍትዌሩ ኦገስት 2010 ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ነው ክርስትና የተነሳው። ለአባዬ ብነግረው «ታዲያ 2010 አይደል እንዴ? የኔማ ልክ ነው፣ የናንተን አስተካክሉ» አለኝ። ምን ልበለው?

ሶፍትዌሩ የብዙ ፎቶ ቀን ባንዴ ወደፊት የሚገፋበት ቦታ አለው። 7 ዓመት ከ8 ወር ከ8 ቀን፣ ሰዓቱንም 6 ጨምሬ፣ ኮራ ብዬ እሺ አልኩት። ለካ የክርስትናውን ብቻ ሳይሆን ሁሉንም መርጫለሁ። ክርስትናው ቦታው ገባ፣ ኤፕሪል 2018። ሰርጉም አብሮ ተገፍቶ ሴፕቴምበር 2024 ላይ ቁጭ። በኛ ስቆጥረው መስከረም 2017።

አክስቴ ልክ ነበሩ፣ አምና ነው የተጋቡት።