ጀበናዋን አይቶ መሣል

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የኪነ ጥበብ ክበባችን ሥራ ሲጀምር ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ያው ነው። ጀበና ሣሉ እላቸዋለሁ። ፊታቸው ምንም አላስቀምጥም። ዘንድሮ ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ 23 ልጆች መጡ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም ጨርሰው አስረከቡኝ። ወረቀቶቹን ወለሉ ላይ ደርድሬ ዙሪያውን ቆመን አየናቸው። 23ቱም አንዲት ጀበና ነበሩ፤ በየቡና ቤቱ ማስታወቂያ ላይ የምናያት፣ ከላይዋ ሦስት ጠመዝማዛ የእንፋሎት መስመር የሚወጣባት። 17ቱ ጎኗ ላይ የማፍሰሻ አፍ ሠርተውላታል።

ከዚያ ከቤት ያመጣኋትን ጀበና ከዘንቢል አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ፣ ማቶቷ ላይ አስቀመጥኳት። የማፍሰሻ አፍ የላትም፤ የምትቀዳው በአንገቷ ነው። አንገቷ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል። ሁሉም ጥቁር አድርገው ሣሏት እንጂ ጥቁር የሆነው ምድጃው የሚልሰው ወገኗ ብቻ ነው። ሌላው ወገን ወደ ቀይ የሚያደላ ቡኒ ነው፤ አንገቷ ደግሞ ከእጅ ብዛት ወዝ ጠግቦ መስኮቱን መልሶ ያሳያል። "አሁን የምታውቁትን ተዉት፤ የምታዩትን ብቻ ሣሉ" አልኳቸው። ለ40 ደቂቃ ድምፅ የሚባል አልነበረም። መጨረሻ ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ቀና ብላ፣ "መምህር፣ በጆሮዋና በአንገቷ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ለካ እሱም ቅርጽ አለው" አለችኝ። ሠዓሊዎች ዓመታት የሚለፉበትን ነገር በአንድ ከሰዓት በዓይኗ አገኘችው።

የማስተምረው አማርኛ ነው፤ ደብረ ብርሃን፣ ሁለተኛ ደረጃ። ሥዕል የተማርኩት በየክረምቱ አዲስ አበባ እየሄድኩ ከአንድ ሠዓሊ ዘንድ ነው። ክበቡን ስረከብ የኪነ ጥበብ ክበብ ማለት ለወላጆች ቀን ድራማና ውዝዋዜ የሚያዘጋጅ ቡድን ማለት ነበር። ዝግጅት ሲደርስ ሁለት ሳምንት ይሯሯጣል፤ ከዚያ ይበተናል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነበር፤ በየሳምንቱ ረቡዕ፣ ዝግጅት ኖረም አልኖረም፣ ቁጭ ብሎ የሚማር ሰው።

እስከ 8ኛ ክፍል የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ። 9ኛ ክፍል ሲገቡ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳቸው ላይ ያ መስመር የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ የሚቋረጥበት ዕድሜ ነው። ሕፃን ልጅ ሲሥል አያፍርም፤ ፀሐይዋን ቤቱን አሳክሎ ይሥላትና ደስ ብሎት ይሄዳል። 14 እና 15 ዓመት ሲሆነው ግን የሣለውን ከዓለም ጋር ማመሳከር ይጀምራል። አለመመሳሰሉን ያያል። "እኔ ሥዕል አልችልም" የሚለው ቃል የሚወጣው በዚያን ጊዜ ነው። ማየት መጀመሩን የሚነግረው፣ አለመመሳሰሉ ላይ እጁን ይዞ የሚያሻግረው አስተማሪ የሚያስፈልገው ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ትምህርቱ የሚያልቀውም ልክ እዚያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሥዕል "ተሰጥኦ ያላቸው" ጥቂት ልጆች ጉዳይ ይሆናል። የፊዚክስ ትምህርት ተሰጥኦ ላላቸው ብቻ ይሰጥ ያለ ሰው አላጋጠመኝም።

ስለ ዕቃው ልንገራችሁ፤ ብዙ መምህራን የሚጠይቁኝ እሱን ነው። ከሰሉን የምንሠራው ራሳችን ነን። ወንዝ ዳር ከሚበቅለው አኻያ እርሳስ የሚያህሉ ቀጫጭን ቅርንጫፎች እንቆርጣለን፣ ልጣጩን እናነሳለን፣ አንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ እናደርቃለን። ከዚያ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጥቅጥቅ አድርገን እናቆማቸውና ክዳኑን በምስማር አንድ ቦታ ብቻ በስተን እንገጥመዋለን። ጣሳው እሳት ውስጥ ሲገባ በቀዳዳዋ ነጭ ጭስ ይወጣል። ጭሱ ሲቆም ማውጣት ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው፤ እጅ እየበላን መጠበቅ አለብን። ጣሳው ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ ከተከፈተ አየር ይገባና የጋለው እንጨት ዓይናችን እያየ ዐመድ ይሆናል። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ሙሉ ጣሳ እንደዚያ አጥተናል። አሁን ልጆቹ ጣሳውን ውጭ ትተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ፤ የሚከፈተው በማግስቱ ነው።

ወረቀታችን የሲሚንቶ ከረጢት ነው። ውስጠኛው ንብርብር ንጹሕ፣ ጠንካራና ቡኒ ነው፤ ቡኒነቱ ደግሞ ጸጋ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ ልጆች ጥላውን ብቻ ይሥላሉ። በቡኒው ላይ ግን ጥላው በከሰል፣ ብርሃኑ በጠመኔ ይሠራል፤ መካከሉን ወረቀቱ ራሱ ይሸፍነዋል። ጠመኔው የመማሪያ ክፍሉ ጠመኔ ነው። ላጲስ ከሰልን ያጨቀየዋል እንጂ አያነሳውም፤ የምናጠፋው በዳቦ ነው፤ ለስላሳውን የውስጡን ክፍል በጣት አድቦልቡሎ ጠቅ ጠቅ ማድረግ።

ወደ መድረኩ ስንመጣም ትምህርቱ ያው ጀበናዋ ናት። ባለፈው ዓመት ለትምህርት መዝጊያ ባዘጋጀነው አጭር ተውኔት አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ ሽማግሌ አባት ሆኖ ይጫወት ነበር። መጀመሪያ ያመጣው ሽማግሌ ሁላችሁም የምታውቁት ነው፤ ጎባጣ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ፣ በየዓረፍተ ነገሩ የሚያስል። ቃለ ተውኔቱን አስቀመጥንና "ሂድና አያትህ እንዴት እንደሚቀመጡ አይተህ ና" አልኩት። በሳምንቱ መጣ። "መምህር፣ አያቴ አይንቀጠቀጡም" አለኝ፤ የተከፋ ይመስል ነበር። ከዚያ አሳየን። መጀመሪያ መደቡን ዞር ብለው ያዩታል። የጋቢያቸውን ጫፍ በግራ እጅ ይሰበስባሉ። በቀኙ ከዘራውን ተክለው ቀስ ብለው ይወርዳሉ፤ መጨረሻ ላይ፣ ከተቀመጡ በኋላ፣ ከዘራውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው አንድ ጊዜ ይተነፍሳሉ። ከዚያ በፊት ለማንም አይናገሩም። ልጁ ያንን በመድረክ ላይ ሲሠራው ከታዳሚው መካከል አንዲት ቃል ሳትነገር ዝም ያለ ብዙ ሰው ነበር። ዋሽንት የሚነፋልን ልጅ እዚያች ትንፋሽ ላይ መግባት ነበረበት፤ እሱም ረስቶ አብሮ ያይ ነበር።

ይህን ስል ባዕድ ነገር ትምህርት ቤት እናስገባ እያልኩ አይደለም። ዘመናዊ ቴአትራችን በትምህርት ቤት ግቢ ያደገ ነው። ዮፍታሔ ንጉሤ መምህር ነበር፤ ድርሰቶቹን መድረክ ላይ የተጫወቱለትም ተማሪዎች ናቸው። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላምም ቺካጎ ተምረው ሲመለሱ ለራሳቸው ብቻ አልሣሉም፤ በ1950 ዓ.ም. ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከፈቱ። እዚያ ለመግባት የተግባር ፈተና አለ። የኔ ተማሪዎች ሁለቱ ተፈትነዋል። ከቀረቡት መካከል ዕቃ ፊት ለፊት አስቀምጠው ሥለው የማያውቁ፣ ከፎቶግራፍ ብቻ ሲቀዱ የኖሩ ልጆች እንደነበሩ ነገሩኝ። እነዚያ ልጆች ችሎታ አጥተው አይደለም፤ አራት ዓመት ሙሉ ያስቀመጣቸው ሰው አልነበረም።

ወላጆችን አልወቅስም። ልጁን ከክበቡ ሊያስወጣ የመጣ አንድ አባት "መምህር፣ ሥዕል እንጀራ ይሆነዋል ወይ?" ብሎ ጠይቆኛል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከ100 ተማሪዎች 4 እንኳ አልሞሉም። ይህን የሰማ አባት እያንዳንዷን ሰዓት ለሂሳብና ለእንግሊዝኛ ማድረግ ቢፈልግ እረዳዋለሁ። ስለ እንጀራው ቃል ልገባለት አልቻልኩም፤ አልገባሁለትምም። የልጁን የባዮሎጂ ደብተር ግን አወጣሁና አሳየሁት። መስከረም ላይ የሣለው የቅጠል ሥዕል በቀኝ፣ ታኅሣሥ ላይ የሣለው በግራ። በሁለተኛው የቅጠሉ ጅማቶች ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ ይታያል፤ በመጀመሪያው ዓሣ ነው የሚመስለው። ደብተሩን ብዙ ጊዜ ይዞት ቆየ። ልጁ እስካሁን ከእኛ ጋር ነው።

ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ክረምት አልፎ ስመለስ ክፍላችን የተሰባበሩ ዴስኮች መጋዘን ሆኖ አገኘሁት። ግድግዳው ላይ የነበሩት ሥራዎች ከዴስኮቹ ሥር ተጨምድደው ነበር። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ክፍሉን ባዶ ነው ብለው ነው። ያ ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ፤ ባዶ። ስለዚህ አሁን ባለሁበት የምጠይቀው ነገር ትንሽና ግልጽ ነው። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈ፣ ለሁሉም የ9ኛ ክፍል ተማሪ፤ እና ቁልፉ የሚታወቅ አንድ ክፍል።

ዘንድሮ ለጥር ዕረፍት የሰጠኋቸው የቤት ሥራ የየቤታቸውን ጀበና ሥለው እንዲመጡ ነበር። ለወላጆች ቀን ግቢው ውስጥ ሁለት ዛፍ መካከል ገመድ ወጥረን ሥዕሎቹን በልብስ መቆንጠጫ ሰቀልናቸው፤ ስም አልጻፍንባቸውም። አንዲት እናት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከጫፍ ጀምረው አንድ በአንድ እያዩ መጡ። ከ11ኛዋ ፊት ቆሙ። የጀበናዋ ጆሮ ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል፤ ልጃቸው ሽቦውን ዙር በዙር ሥሎታል።

"ይህቺ የኔ ናት" አሉ። ከዚያ ጠጋ ብለው ጣታቸውን ሳያስነኩ ወደ አንደኛው ወገኗ ጠቆሙና ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት። "እዚህ ጋ ምነው ቀይ አደረግካት?"

"ምድጃው በዚያ በኩል ስለማይደርሳት ነው እማዬ" አላቸው።