ባለ ሦስት ቱቦ ፕሮጄክሽን ቴሌቪዥን፦ የቀለም ኮንቨርጀንስ ልኩ የት ተቀምጧል፣ እንዴትስ ይስተካከላል?

በነዚህ ቴሌቪዥኖች ላይ የምናየው ምስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ሦስት ምስሎች ድርብ ነው፤ ሦስቱ በትክክል መነባበራቸው ኮንቨርጀንስ ይባላል። አረንጓዴው ቱቦ መሐል ስለሚቀመጥ ስክሪኑን ፊት ለፊት ያበራዋል። ቀዩና ሰማያዊው ግን ከጎን አዘንብለው ስለሚያበሩ ምስላቸው በአንዱ ወገን ይሰፋል፣ በሌላው ይጠባል። ይህን የሚያቃናው በየቱቦው አንገት ላይ የተጠለቀው የኮንቨርጀንስ ዮክ (ከረንት ሲያልፍበት ጨረሩን የሚገፋ የሽቦ ጥቅል) ነው። ለሦስቱ ቀለም አግድምና ቁልቁል ሲቆጠር ስድስት የከረንት መስመር ያስፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት መስመር የሆኑ ሁለት ማጉያ አይሲዎች (ቺፖች፤ ለምሳሌ ኤስቲኬ 392-110) ይሸከሙታል።

የከረንቱ መጠን በቁጥር ተጽፎ የሚቀመጠው ኢኢፕሮም በሚባል ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። በብዙ የሂታቺ ሞዴሎች ስክሪኑ በ13×9 ነጥብ ይከፈላል፤ 117 ነጥብ በሦስት ቀለም፣ በሁለት አቅጣጫ ሲባዛ 702 ቁጥር ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ ፕሮሰሰሩ ቁጥሮቹን ወደ ራም (ሲጠፋ የያዘውን ወደሚረሳ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይገለብጣል፣ በነጥቦቹ መካከል ያለውን አስልቶ ይሞላል፣ ከዚያ ወደ ማጉያው ይልካል።

ሰርቪስ ሜኑ (ለጠጋኝ የተዘጋጀ የማስተካከያ ገጽ) ገብተን በሪሞት ስናስተካክል የሚለወጠው ራሙ ብቻ ነው። ወደ ኢኢፕሮም ካልተጻፈ፣ ሲጠፋ ልፋቱ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ይኸው ነገር መዳኛም ነው፦ ሥራው ከተበላሸ ሳይጽፉ አጥፍቶ ማብራት የድሮውን ልክ ይመልሳል። ለ480 እና ለ1080 መስመር ምስል የተለያየ ሰንጠረዥ ስለሚኖር፣ አንዱን ማስተካከል ሌላውን አይነካውም።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ምስል ዛሬ ቀዩ ወይም ሰማያዊው እንደ ቀስት ከጎበጠ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማጉያ አይሲው ወይም በዙሪያው ያሉት ጥቂት ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ናቸው። ያንን ጉብጠት በሜኑ አቃንቶ የጻፈ ሰው፣ አይሲው ሲቀየር ምስሉ ወደ ተቃራኒው ጎብጦ ያገኘዋል፤ የፋብሪካው ልክም ተደምስሷል። ስለዚህ ሜኑውን ሳይነኩ ሁለቱንም አይሲ አብሮ መቀየር፣ ሬዚስተሮቹን አንድ በአንድ መለካት፣ የድሮውን የሙቀት ቅባት ጠርጎ አዲስ መቀባት፣ ብሎኑን አጥብቆ ማሰር። ከማቀዝቀዣው ብረት ጋር በደንብ ያልተጣበቀ አዲስ አይሲ ወዲያው ይቃጠላል። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የፓወር ካፓሲተሮቹ ቻርጅ መውጣት አለበት፤ ወደ ቱቦዎቹ የሚሄደው ወፍራም ገመድ 30 ሺህ ቮልት ገደማ ስለሚይዝ ፈጽሞ አይነካም።

ከጥገናው በኋላ ትንሽ መዛነፍ መኖሩ የተለመደ ነው። ከማስተካከል በፊት ለማስተካከያ በስክሪኑ ላይ የሚወጣውን የመስመር ፍርግርግ ፎቶ ማንሳት፣ ከተቻለም ኢኢፕሮሙን ነቅሎ በፕሮግራመር ኮፒ ማስቀረት ይጠቅማል። ቦርዱ ላይ እንዳለ ማንበብ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ፋይል ይሰጣል። ቴሌቪዥኑ በቋሚ ቦታው ተቀምጦ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሙቅ፤ የመሬት መግነጢስ እንኳ ጨረሩን ስለሚገፋ አቅጣጫው ሲለወጥ ልኩ ይዛነፋል።

ፎከስ (ምስሉን ማጥራት) ይቀድማል። ከዚያ አረንጓዴው ለብቻው በክርና በማስመሪያ ይቃናል፤ ሌሎቹ የሚለኩት በእሱ ነው። ቀዩ አረንጓዴው ላይ ሲገጥም መስመሩ ቢጫ፣ ሰማያዊው ሲገጥም ውሃ ሰማያዊ፣ ሦስቱም ሲገጥሙ ነጭ ይሆናል። ሁልጊዜ ከመሐል ወደ ዳር፣ መጀመሪያ በ3×3 ነጥብ፣ ቀጥሎ በ7×5፣ መጨረሻ በ13×9። በቀጥታ ወደ 13×9 መግባት አይመከርም፤ አንድ ነጥብ ከጎረቤቶቹ ርቆ ከተገፋ መስመሩ እንደ ማዕበል ይጣመማል፣ ያንን ማስተካከል ደግሞ ከመጀመሪያው ሥራ ይከብዳል።

በስክሪኑ ጠርዝ ላይ የብርሃን ሴንሰር ያላቸው ሞዴሎች (የሂታቺው ማጂክ ፎከስ አንዱ ነው) ከተጻፈ በኋላ ሴንሰራቸው አዲሱን ልክ እንዲመዘግብ በሰርቪስ ሜኑ መታዘዝ አለበት። ይህ ከተዘለለ፣ ባለቤቱ የማስተካከያውን ቁልፍ በተጫነ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ቀለሞቹን ወደ ድሮው ልክ ጎትቶ ይመልሳቸዋል።